ሁሉም ካርድ ላይ «300 ሚሊ»፦ የማትረኗ ጠረጴዛና የጥናቱ ወረቀት ለምን አይገናኙም?

ሚድዋይፍ ሆኜ በሠራሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ከወሊድ በኋላ የፈሰሰውን ደም ስመዘግብ አንድ የለመድኩት ቁጥር ነበረኝ። 300 ሚሊ። እናትየዋ ደህና ከመሰለችኝ 300። ትንሽ በዛ ያለ ከመሰለኝ 350። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ የወሩን መዝገብ ሳገላብጥ ነው የነቃሁት። የኔ ብቻ አይደለም፣ የሁላችንም የእጅ ጽሑፍ ያንኑ ቁጥር ይደጋግማል። 300፣ 300፣ 250፣ 300። ያ ሁሉ እናት እኩል ደም ሊፈሳት አይችልም። ግን ማንም አልለካም። ደሙ ከላስቲኩ ወደ ባልዲ ይሄዳል፣ ጎዙ ይጣላል፣ እኛ አየት አድርገን እንገምታለን። በድሬዳዋ ሙቀት ላብ በላብ ሆነን፣ ቀጣይዋ «መጣብኝ!» እያለች፣ ማን ቁጭ ብሎ ይለካል አቦ?

ሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ይህን ያነሳሁት ሰሞኑን በየስብሰባው «በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ውሳኔ» የሚባል ነገር ስለበዛ ነው። ባነር ላይ አለ። የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ አለ። የሥልጠና ቦርሳ ላይ ታትሞም አይቻለሁ። የማላየው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የነርሲንግ ኃላፊዋ፣ ማትረን የምንላት፣ የወሩን የተረኞች ፕሮግራም የምታወጣበት ጠረጴዛ ላይ። ውሳኔው የሚወሰነው ደግሞ እዚያ ነው።

ዓይን ደም አይለካም

ከ300 ሚሊው እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢሞቲቭ የተባለ ትልቅ ጥናት ውጤቱ ወጣ። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ በ80 ሆስፒታሎች የተሠራ ነው። ያለ ኦፕራሲዮን የወለዱ ከ200 ሺህ በላይ እናቶች ተካተውበታል። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ከእናትየዋ ሥር የሚነጠፍ፣ የሚሊ መስመር የተሰመረበት ላስቲክ አለ። ደሙ እዚያ ይጠራቀማል፣ ቁጥሩ ይነበባል። ደሙ ከልክ ካለፈ ሚድዋይፏ ሁሉንም ሕክምና አንድ ላይ ትጀምራለች። ማህፀን ማሸት፣ ማህፀን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ከዚያም ደሙ ከየት እንደሚመጣ መፈተሽ። የቀድሞው ልማድ አንዱን ሰጥቶ መጠበቅ፣ አልሆን ሲል ሌላውን መሞከር ነበር።

በድሮው አሠራር በቀጠሉት ሆስፒታሎች አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም የፈሰሳቸው፣ በዚሁ ምክንያት ሆዳቸው የተከፈተ ወይም የሞቱ እናቶች 4.3 በመቶ ነበሩ። አዲሱን በያዙት 1.6 በመቶ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። በድሮው አሠራር ብዙ ደም ከፈሰሳቸው እናቶች መካከል ችግሩ የታወቀላቸው 51 በመቶ ብቻ ናቸው። በላስቲኩ 93 በመቶ። ግማሹን ዓይናችን ጭራሽ አያየውም ማለት ነው። እነዚያ አዋላጆች ሰነፎች አልነበሩም። እንደኔው ይገምቱ ነበር።

ሌላም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው መመሪያ የተለመደው የአደጋ መስመር፣ 500 ሚሊ፣ እስኪሞላ አትጠብቁ ይላል። 300 ሚሊ ደርሶ የልብ ምቷ ወይም የደም ግፊቷ ከተዛባ ተነሱ። እኛ «ምንም አልሆነችም» ለማለት የምንጽፋት ያቺው 300!

ሞዴል 20 የሚሞላው ማን ነው?

እንዲህ ያለውን ላስቲክ የሚያስገዛው ፕሮፌሰር አይደለም። የማዋለጃ ክፍል ኃላፊዋ የዕቃ መጠየቂያ ቅጹን፣ ሞዴል 20ን፣ ሞልታ፣ ማትረኗ ፈርማበት፣ ግዢ ክፍል ደጅ ጠንታ ነው። የነርስና የሚድዋይፍ አመራር ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ወንበርና ማኅተም ነው። የማትረን ቀን ግን በጥቃቅን ውሳኔ የተሞላ ነው። ማታ ማን ይግባ? ለዚህ ዋርድ ስንት ነርስ? ሥልጠና ማን ይሂድ? ሲመለስስ የት ይመደብ?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ቀላል አድርጋችሁ አትዩአት። አንዲት ባልደረባዬ አልተነፍስ ያለ ጨቅላ ሕፃንን እንዴት እንደሚያስተነፍሱ ሠልጥና መጣች። በሦስተኛው ሳምንት ሮቴሽን ደረሰና ዓይን ክፍል ተመደበች። ማንም ክፉ አላሰበባትም፤ ፕሮግራሙ እንደዚያ ይላል፣ አለቀ። «የማስተንፈሻውን አምቡ ባግ ለሞራ ዓይን ላድርገው?» እያለች ትስቅ ነበር። በእንዲህ ያለ ነገር ላይ ጥናት አያስፈልግም ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ግን አንድ ሰው «ባለፈው ዓመት ካሠለጠንናቸው ስንቱ ዛሬ ማዋለጃ ክፍል አሉ?» ብሎ ቢቆጥር ኖሮ ያ ቁጥር ራሱ ማስረጃ ይሆን ነበር። ማስረጃ የግድ ከለንደን አይመጣም። ከሰው ሀብት ፋይልም ይወጣል።

አንዳንዱ ውሳኔ ደግሞ ከማትረኗም ወርዶ በር ላይ ያለው ጥበቃ እጅ ገብቷል። ምጥ ላይ ያለች ሴት አጠገቧ የምታምነው ሰው ይኑር ወይስ አይኑር? ጥያቄው ከተመለሰ ቆይቷል። ከ17 አገሮች የተሰበሰቡ 26 ጥናቶች፣ ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች። አብሯት የሚሆን ሰው ያላት እናት በራሷ የመውለድ ዕድሏ ይጨምራል፣ ኦፕራሲዮን ይቀንሳል፣ ምጧም አጠር ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ ምክር ውስጥ አስገብቶታል። እኛ ዘንድ ግን ጥበቃው «እማማ፣ ውጭ ይጠብቁ!» ይላል። እናቷ አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዛ ዛፍ ሥር ትቀመጣለች። እሱ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ማን አዘዘው ብትሉ በሩ ላይ የተለጠፈ፣ ጠርዙ የተቀደደ፣ ቀን የሌለው ወረቀት አለ።

ወረቀቱን ቀዶ መጣል ደግሞ መፍትሔ አይሆንም። ስድስት አልጋ በአንድ ክፍል፣ መጋረጃ የለም። የአንዷ ባል ሲገባ ሌላዋ እርቃኗን ናት። በእኛ አገር፣ በተለይ በድሬ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ማስረጃውን ያነበበች ማትረን የመጀመሪያ ሥራዋ ጥበቃውን መቆጣት አይሆንም፣ መጋረጃ ማሰፋት ነው። እስከዚያው ሴት አስታማሚ ብቻ ትግባ ማለት ትችላለች። ጥናቱ ምን እንደሚጠቅም ይነግራታል። በምን ቅደም ተከተል እንደምታደርገው የምታውቀው ግን እሷ ናት።

ጥናት አጥተን አይደለም

ምሥራቁ ክፍል በጥናት አይታማም። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ ሐረር ነው፤ ሕይወት ፋና ማስተማሪያ ሆስፒታሉ ነው። ከሐረማያ አለፍ ብሎ ቀርሳ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የተወለደው፣ የሞተው፣ የገባውና የወጣው ሰው ቤት ለቤት ይመዘገባል። ቻምፕስ የተባለው፣ ሕፃናት በምን እንደሚሞቱ በመርፌ በሚወሰድ ናሙና የሚያጠናው ዓለም አቀፍ ፕሮግራምም ቀርሳና ሐረር ላይ ሠርቷል።

ድሬዳዋ ራሷ የዓለምን ትኩረት የሳበ ጥናት ወጥቶባታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ከተማዋ ውስጥ ወባ ተነሳ። ተመራማሪዎች የታመሙትን ሰዎች ቤትና አካባቢ ፈተሹ። ያገኙት አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችውን ከእስያ የመጣች ትንኝ ነው። ገጠር ረግረግ አትፈልግም። ሮቶና በርሜል ይበቃታል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ በርሜል የሌለው ቤት የለም። ጥገኛ ተዋሲያኑም መድኃኒት የመቋቋም ምልክትና ከፈጣን ምርመራ የመሰወር ባሕርይ ተገኝቶባቸዋል። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር ሜዲሲን ላይ ወጣ።

ይህ የትንኝ አጥኚዎች ጉዳይ ይመስላል። ግን በአንዲት ሄድ ነርስ ዓይን እዩት። ትኩሳት ያላት ነፍሰ ጡር መጣች። «ከተማ ነው የምትኖሪው፣ ወባ አይሆንም» የሚለው የድሮ አነጋገር አከተመለት። ፈጣን ምርመራው «የለም» ካለ በኋላ ትኩሳቱ ካልበረደ በማይክሮስኮፕ ይታይ የሚል መስመር ትራያጅ፣ ታካሚ መጀመሪያ የሚታይበት ቦታ፣ ላይ መለጠፍ ይቻላል። በተጨማሪ ማትረኗ ከቢሮዋ ወጥታ የሆስፒታሉን ግቢ ብትዞር ክዳን የሌለው በርሜል ስንት ታገኛለች? እኔ በሠራሁበት ቦታ ሁለቱ የሕፃናት ዋርድ መስኮት ሥር ነበሩ። የጽዳት ውኃ ይቀመጥባቸዋል። ክዳናቸው የት እንደገባ እንጃ።

እንግዲህ ጥናቱ እዚሁ ተሠርቶ፣ እዚሁ ያለ በርሜል ክዳን አላገኘም። ለምን?

የማትረኗ ቢሮ ውስጥ አንድ ፋይል አለ። በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ ይወፍራል። «ለጥናታቸው አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው» የሚሉ ደብዳቤዎች ናቸው። ተማሪው በትሕትና ይገባል፣ ማትረኗ ትመራለታለች፣ እኛ መጠይቁን እንሞላለን። እኔ ስንቱን እንደሞላሁ አላስታውስም። አንዱን ግን አልረሳውም። ርዕሱ ነርሶች የጥናት ማስረጃን በሥራቸው ላይ ምን ያህል ይጠቀማሉ የሚል ነበር። «በፍጹም፣ አልፎ አልፎ፣ ሁልጊዜ» እያልኩ አከበብኩ። አምስት ገጽ። ውጤቱ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ማስረጃ አትጠቀሙም ብሎ ያጠናን ሰው ማስረጃውን ሳይሰጠን ሄደ!

በተማሪው አልፈርድም። እሱን የሚጠብቀው አማካሪው ነው፣ ዲፌንሱ ነው፣ ከተሳካ ጆርናል ነው። ወደ ዋርድ ተመለስ ያለው የለም። ማትረኗም አልጠየቀችውም። ደብዳቤው ላይ ስትፈርም «ሲያልቅ አንድ ገጽ ይዘህልኝ ና» የሚል መስመር ብትጨምር የሚከለክላት አልነበረም። የሁለቱም ወንበር አንድ ግቢ ውስጥ ሆኖ መንገዱ ግን በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ መረጃ ይወጣል፣ ምንም አይገባም።

ብዙ ጊዜ «ጆርናል በገንዘብ ነው፣ ከየት እናምጣ» ሲባል እሰማለሁ። ይህ ያን ያህል አያስኬድም። የዓለም ጤና ድርጅት ሂናሪ የሚባለውን የጆርናሎች የኢንተርኔት በር እ.ኤ.አ. በ2002 ከፍቶታል። በእኛ አቅም ያሉ አገሮች ተቋማት በነፃ ይገባሉ። ትልቁ እንቅፋት ሰዓት ነው። ጠዋት ሞርኒንግ፣ ከዚያ ራውንድ፣ ከዚያ የቀረ ሠራተኛ መተካት፣ ከዚያ ሱፐርቪዥን መጣ፣ ከዚያ ሪፖርት። ቀጥሎ ቋንቋ አለ። በእንግሊዝኛ ተምረናል፣ እሺ። ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ እያወራን የምንሠራ ሰዎች አሥር ገጽ ስታቲስቲክስ ማታ ከዱቲ በኋላ አናነብም። ራሳችንን አንሸውድ።

ሦስተኛው የሥልጣን ነገር ነው። አንዲት ነርስ አንብባ መጥታ «ይህ ቢቀየር» ስትል የሚሰጣት መልስ ይታወቃል፤ «ይሄ የሐኪሞቹ ጉዳይ ነው።» ግን ስንቱ ነገር ሙሉ በሙሉ የእኛ ነው! ካኑላን፣ መድኃኒትና ፈሳሽ ለመስጠት ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ፣ ውሰዱ። በ72 ሰዓት ይቀየራል ተብሎ ነው የተማርነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት ላይ የወጣው የአውስትራሊያ ጥናት 3,283 ታካሚዎችን ይዞ ይህንኑ ፈተነ። ጥናቱን የመራችው ነርሷ ክሌር ሪካርድ ናት። ለአንዱ ወገን በየ3 ቀኑ ተቀየረ፣ ለሌላው ምልክት ሲታይ ብቻ። የደም ሥር መቆጣት በሁለቱም ወገን 7 በመቶ ሆነ። ቤተሰብ ካኑላ ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ በሚያመጣበት አገር ይህ ትልቅ ዜና ነው። የሕፃን ክንድ ያለ ምክንያት እንደገና አይወጋም።

እዚህ ላይ ግን ቆም እላለሁ። «ምልክት ሲታይ» የሚለው የሚሠራው የሚያይ ሰው ካለ ነው። በየሺፍቱ እያንዳንዱ ካኑላ ተገልጦ መታየት አለበት። ነርሷ አንድ፣ ታካሚው ሃያ በሆነበት ሌሊት ያረጀው የ72 ሰዓት ሕግ ቢያንስ አንድ ሰው ክንዱን እንዲያይ ያስገድዳል። እኔ ማትረን ብሆን ሕጉን ከማንሳቴ በፊት የማያ ቅጹን አስለምድ ነበር።

ከሰው አገር የመጣ ማስረጃ

በአውሮፓ 9 አገሮች በ300 ሆስፒታሎች የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት አለ። ለአንዲት ነርስ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ከቀዶ ሕክምና በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ ይጨምራል ይላል። ሰው ይቀጠርልኝ ብላ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ለምትከራከር ማትረን ጥሩ ዱላ ነው። ግን ቁጥሩን እንዳለ ማንሳት አያዋጣም። እዚያ አስታማሚ አልጋ ሥር ተኝቶ ግማሹን ሥራ አይሠራም። ጠበቃ የሚሆናት የራሷ መዝገብ ነው። ሰው ባነሰበት ሌሊት ስንት መድኃኒት በሰዓቱ አልተሰጠም? ይህ በሦስት ወር ይቆጠራል።

ሌላም ምሳሌ አለ፣ ከእኛ አካባቢ ካልሆነ ብዙ የማይነሳ። ሁሉንም እናት በምጥ ጊዜ ሕፃኑ የሚወጣበትን በር ለማስፋት በመቀስ መቁረጥ፣ ማለትም ኤፒዚዮቶሚን እንደ ደንብ መያዝ፣ አይመከርም። ጥሩ። አንዲት አዲስ ኃላፊ ይህን አንብባ «ከዛሬ ጀምሮ መቀስ እንዳላይ» ብትል ምን ይሆናል? በምሥራቁ ተገርዘው የተሰፉ እናቶች ወደ እኛ ይመጣሉ። ለእነሱ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ሌላ መመሪያ አውጥቷል፤ ስፌቱ በእርግዝና ወይም በምጥ ጊዜ በሠለጠነ እጅ ይከፈት ይላል። ሁለቱን መመሪያዎች አንድ ላይ ያላነበበች ኃላፊ አንዱን በጥሩ ልብ ይዛ እናቲቱን ትጎዳለች። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሶማሊኛ የምትችል፣ ከእናቲቱ ጋር ቀስ ብላ የምትነጋገር አንዲት ሚድዋይፍ በየሺፍቱ እንድትኖር ማድረግም የዚሁ አካል ነው። ይህን የሚጽፍ ጆርናል አላየሁም። የድሬ ሰው ግን ያውቀዋል።

አንድ የሚያናድደኝን ነገር ልጨምር። «ጥናት እንደሚያሳየው» የሚለው ሐረግ አለቃ አስቀድሞ የወሰነውን ለማስዋብም ያገለግላል። የሺፍት ሰዓት ሊረዝም ሲሆን ጥናት ይመጣል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲጠየቅ ጥናቱ ይጠፋል። ስለዚህ ማንም ጥናት ጠቅሶ ሲያናግራችሁ «የት አገር? በስንት ሰው ላይ? የሚቃረነውስ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ይህን የሚጠይቅ ሠራተኛ ያላት ማትረን ዕድለኛ ናት፣ ባይመስላትም።

አንዲት የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ የሆነች ጓደኛዬ አለች፣ ሌላ ቦታ ነው የምትሠራው። ምልክት ያለበትን ላስቲክ አላገኘችም። ግዢ ክፍል «በዝርዝሩ ውስጥ የለም» አላት። ታይዋን ገበያ ሄዳ የወጥ ቤት ሚዛን ገዛች፣ ዲጂታሉን፣ በገዛ ገንዘቧ። የደረቀውን ጎዝና ፓድ መዝና ክብደቱን በፕላስተር ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። ደም የነካውን ሲመዝኑ የደረቀውን መቀነስ ነው። ግራሙ ከሚሊው ብዙም አይርቅም፣ ለዚህ ሥራ ይበቃል። «ሲስተር፣ ሽንኩርት ልትመዝኝ ነው?» ብለው ሳቁባት። በሁለተኛው ሳምንት መዝገቡን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። 180። 420። 240። 650። ከ650 አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ ሰዓት አለ፤ ማን እንደተጠራና ምን እንደተሰጠ ተጽፏል።

ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ደወልኩላት። የሚዛኑ ባትሪ አልቋል። ሞዴል 20 ሞልታለች፣ መልስ አልመጣም፣ እሷም የዓመት ፈቃድ ላይ ነበረች። ስትመለስ መዝገቡን ገለጠችው።

300። 300። 300። 250።